«ትንሽ ይከፉ እንጂ፣ እማማ»

ደሴ ውስጥ ሰው ለመርዳት ድሮ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ዓይን አውጣ የቅሬ ዳኛ ነበር። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው። ዳኛው ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይመጣል። ቁጭ ይላል። ቡና ይጠጣል። ስለ ብር ትንፍሽ አይልም። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ማድረግ ብቻ ነው። በረካው ሳይደርስ እጅህ ኪስህ ገብቷል።

ዘንድሮ ግን ሠልጥነናል። ጦሳ ተራራ ሥር ያሉት የሰፈራችን እማማ የቤታቸው ቆርቆሮ ወንፊት ሆነ። የደሴ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ተከፈተ። አድሚን እኔ ሆንኩ፤ ሥራ መፍታቴን ሁሉም ያውቃል። በሁለት ቀን 400 ሰው ገባ። የሚያለቅሰው ምስል ዘነበ። «አላህ ያግራላቸው» ዘነበ። «ሼር አድርጉ ወገን» ዘነበ። ብሩስ? አብሽር፣ ይመጣል።

አንዱ ጎረቤቴ የቴሌብር ስክሪንሾት ለጠፈ። መጠኑ ያለበት ቦታ ላይ ጽጌረዳ አስቀምጦበታል። በግል ጻፍኩለት።

«ወንድሜ፣ አበባው ሥር ስንት አለ?»

«ሰደቃ በስውር ነው የሚያምረው» አለኝ።

ሒሳቡን ከፍቼ አየሁ። 25 ብር።

በዚህ መሀል፣ አሜሪካ ያለ የሰፈር ልጅ «ጎፈንድሚ እከፍታለሁ» አለ። ጎፈንድሚ በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተጀመረ፣ በኢንተርኔት የእርዳታ ብር ማሰባሰቢያ ነው። ኢትዮጵያ ባለ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም። እዚያ ያለ ሰው በስሙ ተቀብሎ መላክ አለበት። ከእያንዳንዱ ስጦታም 2.9 በመቶና 30 የአሜሪካ ሳንቲም ለክፍያ ማስተላለፊያ ይቆረጣል። ይህን ለቅሬያችን ዳኛ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እኔ እኮ ቡና ብቻ ነበር የምጠጣ» አለ።

«ፎቶ ላክልኝ፤ አሳዛኝ ይሁን» አለ ልጁ።

ስልኬን ይዤ ሄድኩ። እማማ ሰምተው ኖሯል። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጠበቁኝ። ፍሳሹ የሚወርድበት ቦታ ሳፋ ተቀምጧል። እሱንም ጥልፍ ጨርቅ አልብሰውታል።

«እማማ፣ ሳፋውን እንግለጠው?»

«ሰው እያየ?»

«እሺ፣ ትንሽ ይከፉ እንጂ።»

«ምን ሆኜ? ለመሆኑ ፎቶውን የሚያየው ማነው?»

«ውጭ አገር ያለ ሰው ሁሉ።»

«እንዲያማ ከሆነ ቆይ» ብለው ጓዳ ገቡ። ኩል ተኩለው ወጡ።

17 ፎቶ አነሳሁ። 17ቱም ላይ ይስቃሉ። አንዱን ላነሳ ስል ከጣሪያው ጠብታ ወርዶ ግንባራቸው ላይ አረፈ። አሁን ያዝኳቸው ብዬ ተጫንኩ። እሳቸው ጭራሽ በሳቅ ፈረሱ። ከሁሉ የሚሻለው እሱ ስለነበር እሱኑ ላክነው። መጀመሪያ የመጣው አስተያየት «እኚህ እናት ከኔ በላይ ደልቷቸዋል፤ እሳቸው ይርዱኝ» የሚል ነበር።

እንዲያም ሆኖ ብሩ መጣ። የጎደለውን ዳኛው በደብተሩ ሞላው። ጽጌረዳ ያስቀመጠው ጎረቤቴ ቤትም ገብቶ ሦስት ስኒ ጠጥቶ ወጥቷል። ስንት እንዳወጣለት አልነገረኝም፤ ሰደቃ በስውር ነው።

ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ እማማ ቡና ጠሩን። «የሰጡትን አንብብልኝ፣ በየስማቸው ልመርቅ» አሉኝ። ከስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስሙን የደበቀ ሁሉ «አኖኒመስ» ተብሎ ተጽፏል።

«አኖኒመስ፣ 20 ዶላር።»

«አሜን፣ ዕድሜ ይስጠው።»

«አኖኒመስ፣ 50 ዶላር።»

«ደገመ?»

«አኖኒመስ፣ 10 ዶላር።»

«ውይ! ይሄ ልጅ ራሱ ምን ሊበላ ነው? የማን ልጅ ነው?»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሙን ሳየው የውጭ ነው። እናቱ ግን የዚሁ አገር ልጅ ሳትሆን አትቀርም» አለ።

እማማ ረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ ጨመሩ። «ይቀዳለት» አሉ፣ «መንገድ ላይ ይሆናል።»