«ለፍቶ ዕድለ ቢስ የሆነ አላየሁም»

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ ተሰጥኦ ያለውን ልጅ ለውጤት የሚያበቃው ልፋቱ እንጂ የገጠመው ሁኔታ አይደለም። ደግፈው የሚጽፉት ወጣት ሯጮችን ለረጅም ዘመን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ተቃውመው የሚጽፉት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ምሳሌዎቹ ከሩጫ እንዲሆኑ ሁለቱም ተስማምተዋል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሠልጣኙ

ይህ ጉዳይ ክርክር መሆኑ ራሱ ይገርመኛል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሜዳ ላይ ቆሜ ልጆች መጠበቅ ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። በኅዳር ሣሩ ውርጭ ይይዛል፤ ልጆቹ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ሃያ ልጅ ይመዘገባል፣ በሦስተኛው ሳምንት ስምንት ይተርፋል። ቀድመው የሚጠፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለ ተሰጥኦዎቹ ናቸው። ሠፈራቸው ውስጥ ሳይለፉ ሲያሸንፉ ስለኖሩ ልፋት ሲመጣ ባዕድ ይሆንባቸዋል።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም 10። ደብተሩን ይይዝበት የነበረው ግራ እጁ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነም በኋላ ሲሮጥ እንደታጠፈ ነው። ያ እጅ የልፋት ማኅተም ነው። ምሩፅ ይፍጠርስ? ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በ1972 በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፣ የ5,000 ሜትሩ አመለጠው። በ1976 አገራችን ከሞንትሪያል ቀረች። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ጠቅልሎ ወሰደ። መካከሉ ስምንት ዓመት ነው፤ ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማይ እያየ አላሳለፈውም።

ዕድል፣ ሁኔታ፣ የአርባ ቀን ምናምን የሚባለው ከሜዳ የጠፉ ልጆች ሰበብ ነው። እኔ በዘመኔ ሰነፍ አይቻለሁ እንጂ ለፍቶ ዕድለ ቢስ የሆነ አላየሁም።

መምህርቷ

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን እያነበብኩ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት። «ለፍቶ ዕድለ ቢስ የሆነ አላየሁም።» እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው። «አንድም የለም» ለሚል ሰው አንድ ማሳየት ይበቃል።

በላይነህ ዴንሳሞ። በ1988 ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በ1998 በርሊን ላይ እስኪሰብረው ድረስ አሥር ዓመት ቆየ። ያቺ ክብረ ወሰን አምስት ወር ሲሆናት የሴኡል ኦሊምፒክ ተከፈተ። የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ የት ነበር? አገር ውስጥ። የደቡብ ኮሪያን ዝግጅት ተቃውማ ከቀረችው ከሰሜን ኮሪያ ጋር ኢትዮጵያም አብራ በመቅረቷ እሱም ቀረ። የእሱ እግር ስለ ኮሪያ ልሳነ ምድር ምን አገባው? አይቼ አላውቅም ካሉኝ ይኸው፣ ይዩት።

የኃይሌን መንገድም አንስተዋል። የሠፈሩ ልጆች ሁሉ በዚያው መንገድ ሮጠዋል። የእነሱን እጅ ማን አየው?

በቆጂን ደግሞ እንውሰድ። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ትንሽ ከተማ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያችው አካባቢ ናቸው። ሳንባቸው በስስ አየር አደገ፤ በዚያ ላይ ሩጫ የሚወድ የስፖርት አስተማሪ፣ ስንታየሁ እሸቱ፣ እዚያው ሆኖ ተገኘ። አበበ ቢቂላስ ክብር ዘበኛ ባይቀጠር ስዊድናዊውን አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንን የት ያገኘው ነበር? ላብ በመላው ኢትዮጵያ አለ፤ ተሸካሚውም ላብ አለው። በትክክለኛው ቦታ፣ ከትክክለኛው አስተማሪ አጠገብ መወለድ ሎተሪ ነው።

አሠልጣኙ

ሎተሪ! እሺ፣ ሎተሪ ይሁን። ሰው ሎተሪ ቆርጦ ኪሱ ይከተውና ተኝቶ ያድራል። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። የሮጠለት ኦኒ ኒስካነን ነው? ቀነኒሳ በጉዳት ስንት ዘመን ከርሞ፣ አለቀለት ተብሎ፣ በ37 ዓመቱ በ2019 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ የዘገየ። በዚያን ቀን የበቆጂ ከፍታ ነው የገፋው? በርሊን ሜዳ ናት።

የኃይሌን ጎረቤቶች ያመጡልኝ ደግሞ አስቆኛል። መንገዱ የሁሉም፣ ሁኔታው የሁሉም፣ የወጣው ግን ኃይሌ ብቻ። ታዲያ ለማን ነው የተከራከሩት? ለእኔ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

በላይነህ የዓለም ክብረ ወሰን አሥር ዓመት የያዘ ሰው ነው። ዕድለ ቢስ ማለት ይኼ ከሆነ እኔንም ያድርገኝ። ልጄ፣ ይህን ነገር የሚያውቀው ሜዳ ላይ የቆመ ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትሩን የመጨረሻ ዙር ያስታውሱ። ኃይሌ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት ጋር ትከሻ ለትከሻ መጣና በደረቱ ቀደመው። ቴርጋት ሰነፍ አልነበረም፤ አልቀናውም እንጂ። ኃይሌ ግን ያቺን ሃምሳ ሜትር ከሕመሙ ጋር እየታገለ አሸነፈ።

መምህርቷ

መጀመሪያ ነገር፣ ልጄ አይበሉኝ። 41 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ እኔም ሰሌዳ ፊት ስቆም 18 ዓመት ሆኖኛል። ሜዳ ብቻ አይደለም ሰው የሚያሳየው።

ሁለተኛ፣ ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል። «ሰነፍ አልነበረም፤ አልቀናውም።» ጋሼ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር እኔ አልጻፍኩትም፤ የእርስዎ ነው። ለፍቶ ያልቀናው ሰው ማለት የእኛ ቋንቋ ዕድለ ቢስ የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 0.09 ሰከንድ ነው። ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ከዚያ ይረዝማል። ያችን ታክል ጊዜ «ኃይሌ ለፋ፣ ቴርጋት አልቀናውም» ብለው ለሁለት ከፈሏት። ለአሸናፊው ላብ፣ ለተሸናፊው ዕጣ። ቴርጋት ቢቀድም ኖሮ ስለ ኃይሌ ምን ይሉን ነበር?

ደግሞ ሄንሪ ሮኖን ይመልሱልኝ፤ እሱም ኬንያዊ ነው። በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1976 አገሩ ከሞንትሪያል ቀረች፣ በ1980 ደግሞ ከሞስኮ። ኦሊምፒክ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሮጥ ቀረ። እርስዎ የምሩፅን ስምንት ዓመት ይቆጥሩልኛል፤ ሞስኮ የሄደ አገር ልጅ ስለሆነ ነው ያ ስምንት ዓመት ዛሬ የሚነገርለት።

ኃይሌንና ቴርጋትንም እንተዋቸው። ዐሥረኛ ክፍል ሳለች ያስተማርኳት ልጅ ነበረች። ኳድራቲክ ስጽፍ ጠመኔው ሳይቆም መልሱን ትነግረኛለች፤ ከወንበሯ ግን አትነሳም፣ ቀሚሷ ከኋላ የተጣፈ ስለነበር። በዓመቱ ጅዳ ሄደች፣ ለቤት ሠራተኝነት። አንድ ጊዜ ደውላልኝ ነበር። የአሠሪዎቿን ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ እሷ እንደምትሠራለት እየሳቀች ነገረችኝ፤ ልብስ እየተኮሰች። እርሷም ከሜዳ የጠፋች ሰነፍ ናት?

አሠልጣኙ

ሩጫ ላይ እንጻፍ ተባብለን ነበር። ልጅቷን ያመጧት ልቤ እንዲራራ መሆኑ ይገባኛል፤ ራርቷል። ግን ክርክር አይደለም።

«አልቀናውም» አማርኛ ነው፣ መምህርት። እንደምን አደሩ የሚል ሰው አዳርዎን እየቆጠረ አይደለም። አንዲት ቃል ይዘው እንደ መንጠቆ ካንጠለጠሉኝ ምን ቀረኝ? እኔ ኮሌጅ አልገባሁም፣ እንደ እርስዎ ቃል አልሰነጥቅም።

ስለ ራሴ መናገር አልወድም፤ ግን አስገደዱኝ። ለክለብ ስድስት ዓመት ሮጫለሁ። ብሔራዊ ቡድን አልገባሁም። ጉልበቴን አሞኝ ነበር ልል እችላለሁ፤ አሞኛልም። ምርጫው አድልዎ ነበረበት ልል እችላለሁ፤ ብዙ ሰው ይለዋል። እውነቱ ግን እኔ ዳገት እጠላ ነበር። አሠልጣኛችን እንጦጦ ሲያወጣን ሦስተኛው ዙር ላይ የጫማ ማሰሪያዬን እፈታና ለማሰር እቀመጣለሁ። ሆን ብዬ ነው የምፈታው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ ካልሆነማ እዚያ ዳገት ላይ እኔ ምን ነበርኩ? ነፋስ የሚያንከባልለው ፌስታል?

ነገ ጠዋት ለሚመጡት ልጆች ምን ልበላቸው ታዲያ? ሎተሪ ናችሁ፣ ብትለፉም የሰሜን ኮሪያ ጉዳይ ሊያስቀራችሁ ይችላል ልበል? ማን ይመጣል ከዚያ በኋላ?

መምህርቷ

ያልተማርኩ ነኝ እያሉ አያሳቅቁኝ፤ ከእኔ በላይ ይጽፋሉ። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ግን ልብ ይበሉ፣ ክርክሩ ተቀይሯል። ስንጀምር እውነቱ ምንድን ነው እያልን ነበር፤ አሁን ለልጆች ምን ይባል ሆነ። ለልጆቹ ለፉ ይበሏቸው፤ እኔም ክፍል ውስጥ የምለው እሱን ነው። የቀረውን ልጅ ሰነፈ ማለት ሌላ ነገር ነው። እርስዎ የራስዎን ጥፋት መሸከም ይችላሉ፤ የራስዎ ነው፣ ያወቁት እርስዎ ነዎት። ከሃያው ልጅ ስምንት ተረፉ ብለዋል። አሥራ ሁለቱ ማሰሪያቸውን ሆን ብለው ሲፈቱ አይተዋል? የት እንደገቡስ ጠይቀው ያውቃሉ?

አሠልጣኙ

የሁሉንም አላውቅም። የአንዱን አውቃለሁ። ኮንጎ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ልጅ ነበር። ጥሩ እግር ነበረው፤ ሲሮጥ ድምፅ የለውም፣ ከኋላዬ ሲመጣ አልሰማውም። ተረከዙ ሲላጥበት ፌስታል ይጠቀልልበታል። አንድ ሳምንት ቀረ፣ ሁለተኛም ቀረ። ስሙን ሰረዝኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ረዳት ሆኖ አገኘሁት። ሒሳብ ስሰጠው «አይ ጋሼ፣ ተከፍሏል» ብሎ እጄን መለሰው።

ይሁን እንጂ በመሰረዜ አልተሳሳትኩም። በዚያው ሳምንት ከእሱ የባሰ ጫማ ያደረጉ መጥተው ነበር።

መምህርቷ

በላይነህን «እኔንም ያድርገኝ» ብለው አለፉት፣ ሮኖን ጭራሽ አላነሱትም። ይሁን፣ ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የልጁን ተረከዝ ያን ጊዜ አይተውት ነበር ወይስ አሁን ሲጽፉ ነው ትዝ ያለዎት?

አሠልጣኙ

አይቼዋለሁ። የሁሉም ተረከዝ ተልጦ ነበር።