ምስጢሩ የመርማሪው ሪፖርት እንጂ ሂሳቡ አይደለም
ክሬዲት ዩኒየኖችን (አባላት በባለቤትነት የያዟቸውን የቁጠባና ብድር ማኅበራት) የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ብሔራዊ የክሬዲት ዩኒየን አስተዳደር የተቋማቱን አቋም ከአባላት ይደብቃል መባሉ ትክክል አይደለም፤ በምስጢር የሚያዘው የመርማሪዎቹ ሪፖርትና ከ1 እስከ 5 የሚሰጡት ደረጃ ሲሆን፣ የካፒታሉና ክፍያው የዘገየ ብድር አኃዝ ግን በየሩብ ዓመቱ ለማንም ሰው ክፍት ነው። በአንድ ክሬዲት ዩኒየን የቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሳገለግል፣ ሪፖርቱ የዚሁ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ንብረት በመሆኑ የምናነበው በስብሰባው ክፍል ብቻ ነበር፤ ቅጂዎቹም ከመውጣታችን በፊት ተቆጥረው ይሰበሰቡ ነበር። ባለቤቴ ራሷ አባል ብትሆንም ደረጃውን ልነግራት አልችልም ነበር፤ አንዲት የወጣች ቁጥር ተቀማጩን በአንድ ሳምንት ልታሸሽ ስለምትችል ይህን ጥንቃቄ ዛሬም እደግፋለሁ። ስለ ቁጠባቸው የሚሰጉ አባላትም፣ ተቋሙ በፌዴራል መድን ሥር ከሆነ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ዋስትና እንዳላቸው ይወቁ። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ክፍት የሆነውን የሩብ ዓመት ሂሳብ ለተራው አባል ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው አለመኖሩ ነው።