«መጀመሪያ እንግሊዝኛህን አሻሽል» የሚለው ምክር ተማሪውን ያዘገየዋል

አንድ የሳይኮሎጂ ተማሪ ጥናታዊ ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ ሲል ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «መጀመሪያ እንግሊዝኛህን አሻሽል።» ከዚያ የግራመር ኮርስ ይመዘገባል። የቃላት ዝርዝር ይሸመድዳል። ፊልም በእንግሊዝኛ ያያል። ከወራት በኋላ ጥናቶች ወደሚታተሙበት ጆርናል ሲመለስ አሁንም አይገባውም። ምክሩ ውሃ ሳትነካ ዋና ልመድ እንደማለት ነው።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የሳይኮሎጂ ጥናት የሚጻፍበት እንግሊዝኛ ሌላው ሁሉ ተምሮ ካለቀ በኋላ የሚደረስበት የመጨረሻ ፎቅ አይደለም። ራሱን የቻለ ጠባብ አነጋገር ነው። ዋና ሥራውም ጸሐፊው ስለሚናገረው ነገር ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በልኩ መግለጽ ነው። ይህን ልክ ማንበብ የቻለ ሰው፣ ግራመሩ ቢንገዳገድም፣ ጥናቱ ይገባዋል። ያልቻለ ሰው ደግሞ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ቢሆንም ይሳሳታል። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚወርድላቸው ጋዜጠኞች አንዲት ትንሽ ጥናት ይዘው «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ብለው የሚጽፉት ቋንቋ ስለሚያንሳቸው አይደለም።

ጠባብ ነው ስል በማስረጃ ነው። በኒውዚላንድ የምትሠራው የቋንቋ ተመራማሪ አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር የያዘው 570 የቃላት ቤተሰቦችን፣ ማለትም አንድን ቃል ከእርባታዎቹ ጋር የያዙ ስብስቦችን፣ ብቻ ነው። እነዚህ በአካዳሚክ ጽሑፎች ውስጥ ካሉት ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በልብ ወለድ ውስጥ ግን ድርሻቸው 1.4 በመቶ ገደማ ነው። ልብ ወለድ ማንበብ ጥሩ ነው፣ ፊልም ማየትም እንደዚያው። ወደ ጆርናል የሚያደርስ መንገድ ነው ብሎ መጠበቅ ግን አያዋጣም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጀማሪ አንባቢ መዝገበ ቃላት የሚከፍተው ረጅም ቃል ሲያይ ነው። ረጅሙ ቃል ግን ብዙ ጊዜ አንድ ትርጉም ብቻ ስላለው አንዴ ከተፈታ ያልቃል። የሚያሳስቱት የምናውቃቸው የሚመስሉን ቃላት ናቸው። «ሲግኒፊካንት» የሚለውን ሁሉም «ጉልህ» ወይም «ትልቅ» ብሎ ያልፈዋል። በጥናት ውስጥ ግን ስለ መጠን ምንም አይናገርም። በእውነቱ ልዩነት የለም ብለን ብንነሳ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከተወሰነ መስመር በታች ነው ማለት ብቻ ነው። መስመሩ በተለምዶ 0.05 ነው፤ ያስለመደውም የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ብዙ ሺህ ሰው የተሳተፈበት ጥናት ኢምንት ልዩነትን «ሲግኒፊካንት» ሊለው ይችላል። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 መግለጫ ሲያወጣ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ ይህ የአጋጣሚ ዕድል ቁጥር የውጤቱን ትልቅነትም ሆነ ጠቃሚነት አይለካም አለ። መግለጫው የተጻፈው ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች አልነበረም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተመራማሪዎችም ይሳሳቱት ስለነበር ነው።

«ፕረዲክት» የሚለውም እንዲሁ። «ብቸኝነት ድብርትን ይተነብያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስናነብ መጀመሪያ ብቸኝነት መጣ፣ ከዚያ ድብርት ተከተለ ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠይቅ የተለኩ ናቸው። ቃሉ የስታቲስቲክስ ስሌቱ ቃል ነው፤ ስለ ወደፊቱ የሚናገረው ነገር የለም። ይህን የሚያስተምር የግራመር ኮርስ አይቼ አላውቅም።

የእርግጠኝነት ልክ የሚታየው ከሁሉ በላይ በግሶቹ ላይ ነው። «ያመጣል»፣ «ያሳያል»፣ «ይጠቁማል»፣ «ከዚህ ጋር ተያያዥነት አለው»፣ «ሊሆን ይችላል» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። በዘፈቀደ በተመደቡ ሁለት ቡድኖች መካከል ያለን ልዩነት የለካ ሰው «አመጣ» ለማለት መብት አለው። መጠይቅ ብቻ የበተነ ሰው የለውም። በራሳችን ቋንቋ ይህን ማንም አያስተምረንም። «ታሟል»፣ «የታመመ ይመስላል»፣ «ሳይታመም አይቀርም»፣ «ታሞ ይሆናል» የሚሉትን ማንም አያምታታም፤ ወሬ ሲቀበል እንኳ ልኩን ለይቶ ነው የሚቀበለው። ችሎታው አለ ማለት ነው። የቀረው በእንግሊዝኛ ግስ ላይ ማሳረፉ ነው።

ከግሱ ቀጥሎ ጊዜውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ በ1929 የ7 ገጽ ጽሑፍ ሆኖ ጀምሮ ዛሬ ሰባተኛ እትም ላይ ደርሷል። ዘዴውና ውጤቱ በኃላፊ ጊዜ እንዲጻፉ፣ መደምደሚያው ደግሞ በአሁን ጊዜ እንዲሆን ይመክራል። ለብዙ ተማሪ ይህ የፈተና ሕግ ብቻ ነው። ከዚያ ግን ያለፈ ነው። «ተኝተው ያደሩት ተሳታፊዎች ብዙ ቃላት አስታወሱ» የሚለው ስለ ተወሰኑ ሰዎች ይናገራል። «እንቅልፍ ትውስታን ያጠናክራል» የሚለው ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ነው። ከኃላፊ ወደ አሁን ጊዜ የተዘለለባት ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው ከዳታው ወጥቶ ስለ ዓለም መናገር የጀመረባት ናት። እርሳስ ይዞ እዚያች ቦታ ላይ ማስመር ከመቶ የግራመር መልመጃ ይበልጣል።

ያ ዝላይ ምን ያህል ሰፊ ሊሆን እንደሚችል የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 አሳይቷል። የአሜሪካው የሳይኮሎጂ ማኅበር የሚያሳትማቸውን 6 ጆርናሎች መርምሮ 96 በመቶው የጥናት ተሳታፊ በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ የምዕራብ አገሮች የመጣ መሆኑን አገኘ። እነዚህ አገሮች የያዙት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶውን ነው። ስለዚህ «ሰዎች» የሚለውን ቃል ስናነብ «የትኞቹ ሰዎች?» ብሎ መጠየቅ ነገረኛነት አይደለም። እንዲያውም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። በጽሑፉ ውስጥ «ሰዎች» ከተባሉት መካከል ራሱን ስለማያገኝ ጥያቄው ቶሎ ይመጣለታል።

ይህ ሁሉ ለፈተና ነጥብ ብቻ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጨቀጭቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በሳይኮሎጂ ጆርናሎች የወጡ 100 ጥናቶችን ደግመው ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው «ሲግኒፊካንት» ውጤት ነበራቸው። ሲደገሙ ግን ወደ 36 በመቶ ወረደ። በየመድረኩ ሲወራለት የኖረውን የ«ኃይለኛ አቋቋም» ጥናትም እንውሰድ። ደረትን ነፍቶ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ሆርሞን ይለውጣል የተባለበት የ2010 ጥናት የተሠራው በ42 ሰዎች ላይ ነው። በ2015 በ200 ሰዎች ላይ ሲደገም ሰዎቹ ብርታት እንደተሰማቸው ተናገሩ፤ በሆርሞን ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ከመጀመሪያው ጥናት ጸሐፊዎች አንዷ ዳና ካርኒም በ2016 ውጤቱ እውነተኛ ነው ብላ እንደማታምን በይፋ ጻፈች። «42» የምትለው ቁጥር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የዘዴው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። የዘዴ ክፍል ደግሞ ከጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛው ቀላል የሆነው ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ይደጋገማሉ፤ ማን፣ ስንት፣ በምን ተለካ ይላሉ። አብስትራክት ግን ጥናቱን ሁሉ ጨምቆ የያዘ ስለሆነ ከባዱ እሱ ነው። ተማሪን «አብስትራክቱን አንብበህ ና» ብሎ መላክ ከከባዱ ማስጀመር ነው። ከዘዴው ይጀምር፣ ወደ ሰንጠረዦቹ ይለፍ፣ አብስትራክቱን መጨረሻ ላይ ያንብብ። ያን ጊዜ ጸሐፊው የት ጋ እንዳጋነነ በራሱ ዓይን ያያል።

ጥናትን በመድረክ ማቅረብን በተመለከተ የምሰጠው ምክር አንዳንድ መምህራንን ያስቆጣ ይሆናል። ጥናቱን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አታዘጋጁት። ሳይኮሎጂ ለማያውቅ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋ አስረዱት። ጥያቄው ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን አገኛችሁ፣ ምን ያህል ታምኑታላችሁ። እዚያ ላይ የተንተባተበ ሰው ችግሩ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ጥናቱ ገና አልገባውም። ከገባው በኋላ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው።

«ከወረቀት አታንብብ» የሚለው ሕግም ለእኔ ቅዱስ አይደለም። ሕጉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከሚያቀርቡ ሰዎች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለተኛ ቋንቋ መድረክ የሚወጣ ሰው ሙሉውን ጽፎ ቢይዝ፣ ቀስ ብሎ ቢያነብ፣ ቁጥር ጋ ሲደርስ ቀና ቢል ምንም አይጎድልበትም። የአነጋገር ቅላጼን ለመቀየር የሚባክነው ጊዜ ግን ያሳዝነኛል። ቅላጼው ይቅር። የቁልፍ ቃላቱ አነባበብ ይስተካከል፤ ስላይዱ ላይም ተጽፈው ይታዩ።

ሰው የሚፈራው ግን አቀራረቡን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። ደስ የሚለው ነገር ጥያቄዎቹ አዲስ አለመሆናቸው ነው። ናሙናው ለምን አነሰ? ይህን መለኪያ ለምን መረጥክ? ሌላ ማብራሪያ የለም ወይ? ምክንያት ነው ወይስ ቁርኝት? ከሞላ ጎደል እነዚህ ናቸው። መልሳቸውን አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። «ስለ ናሙናው አመራረጥ ነው የጠየቁኝ?» ብሎ ጥያቄውን መልሶ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ትልልቅ ፕሮፌሰሮችም ያደርጉታል። «ዳታችን ይህን ለመመለስ አያስችልም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አጥርቶ መናገር የቻለ ሰው ግማሹን ጥያቄ መልሷል።

አሁን አሁን ሥራውን ሁሉ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሰጥ በዝቷል። አልቃወምም። ጽሑፍ ያስተካክላል፣ ጊዜ ይቆጥባል። ግን ሲያሳምር የእርግጠኝነቱን ልክ አብሮ ይነካካል። «ሊያያዝ ይችላል» ተብሎ የገባው «ይጨምራል» ሆኖ ይወጣል። ኃላፊው ጊዜ አሁን ይሆናል። በ2025 የታተመ አንድ ጥናትም እነዚህ መሣሪያዎች ሳይንሳዊ ጽሑፍ ሲያሳጥሩ መደምደሚያውን ከዋናው አስፍተው እንደሚያቀርቡ አሳይቷል። ስለዚህ ተስተካክሎ የመጣውን ጽሑፍ ግስ በግስ ከራስ ረቂቅ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ያን ለማድረግ ደግሞ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሸክሙን ሁሉ ተማሪው ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። ሳይኮሎጂ በእንግሊዝኛ አልተወለደም። የሳይኮሎጂ ፈር ቀዳጁ ቩንት በጀርመኗ ላይፕዚግ ላቦራቶሪውን በ1879 የከፈተው ጀርመንኛ እየተናገረ ነው። የትውስታ ተመራማሪው ኤቢንግሃውስ ስለ መርሳት በ1885 የጻፈው በጀርመንኛ ነው። በ1934 በሩሲያኛ የታተመው የሳይኮሎጂ ሊቁ የቪጎትስኪ ሥራ፣ «አስተሳሰብና ቋንቋ»፣ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1962 ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንግሊዝኛ አንባቢው ነበር ወደ ኋላ የቀረው። ዛሬ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው። በ2023 በአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች በቋንቋ ምክንያት ጽሑፋቸው ውድቅ የሚሆንበት ዕድል 2.5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። እንግሊዝኛህን አስተካክል የሚባሉበት ዕድል ደግሞ 12.5 እጥፍ ገደማ ነው። የተጠናው መስክ ሌላ ነው፤ የሳይኮሎጂ ጆርናሎች ከዚህ የተለዩ ናቸው ብዬ ለማመን ግን ይቸግረኛል።

ስለዚህ ለጆርናል የሚላኩ ጽሑፎችን የሚመረምሩ ገምጋሚዎችም የቤት ሥራ አለባቸው። «ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይታይ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ መመለስ ግምገማ አይደለም። የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው ያልገባህ? ገጹና መስመሩ ይጠቀስ። ሊባል የተፈለገው ምን ይመስልሃል? እሱም ይጻፍ። ያን ለመጻፍ ሲሞክር ዓረፍተ ነገሩ ገብቶት የነበረ ሆኖ ካገኘው ደግሞ አስተያየቱን ይሰርዘው።