ባሕሩን በግንብ ከለሉት
በጥር፣ ዋሽንግተን በረዶ ለብሳ ሳለ፣ ከጓደኞቼ ጋር ጃማይካን ልንዞር ሄድን። ከሞንቴጎ ቤይ ወደ ኦቾ ሪዮስ የሚወስደው መንገድ ባሕሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ እኛ ግን አብዛኛውን ያየነው የሆቴል ግንብ ነው! መኪናው በቆመ ቁጥር ዘበኛና «ለእንግዶች ብቻ» የሚል ሰሌዳ ይጠብቀናል። እኛስ መንገደኞች ነን፣ እንሄዳለን። እኔን ያንገበገበኝ የሾፌራችን ነገር ነው፤ ልጅ ሳለ ዋና የተማረበትን ዳርቻ ከአጥር ውጭ ቆሞ በጣቱ አሳየን። በቅኝ ግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሕግ የባሕሩን ዳርቻ ለእንግሊዝ ዘውድ ሰጠ፤ ሕዝቡ እንደ ልቡ የመዋኘት መብት የለውም። አገሪቱ በ1962 ነጻ ወጣች፣ ሕጉ ግን ሳይሻር ቆየ። ታዲያ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን በየት ያውጣ? ልጆቹስ በገዛ አገራቸው ባሕር ለመግባት ለማን ይክፈሉ?