መርከቧ ሮም አትገባም፦ የወደብ ጉብኝት ስትመርጡ ከርቀት ጀምሩ

የአውሮፓ ክሩዝ (ወደብ ለወደብ የሚዞር የመርከብ ሽርሽር) ማስታወቂያ ላይ «ሮም» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። መርከቧ ግን ሮም አትገባም። የምትቆመው ቺቪታቬኪያ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከዚያ እስከ ሮም ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይቀራል። «ፍሎረንስ» የተባለው ደግሞ ሊቮርኖ ነው፤ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ፓሪስ» የሚሉት «ለ አቭር» (Le Havre) የተባለውን ወደብ ነው፤ ወደ 200 ኪሎ ሜትር። «በርሊን» ሲሉ መርከቧ የምታርፈው ቫርነሙንደ ላይ ነው፤ ከዚያ በርሊን ለመድረስ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ሦስት ሰዓት መሄጃ፣ ሦስት ሰዓት መመለሻ።

ቬኒስም እንደ ድሮው አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት እንዳያልፉ ተከልክለዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ማርጌራ፣ ትሪየስቴ ወይም ራቬና ነው የሚቆሙት። ራቬና ከቬኒስ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል።

ይህን የምጽፈው በማውቃቸው ቤተሰቦች ዘንድ ክሩዝ እየተለመደ ስለመጣ ነው። አሜሪካ ያሉ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው እናትና አባታቸውን ይዘው ሜዲትራኒያንን ይዞራሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። የሚያሳዝነኝ ግን ብዙዎቹ የመርከቡን ክፍል ለወራት ሲመርጡ ቆይተው፣ የየወደቡን ጉብኝት በአንድ ምሽት አፑን ከፍተው ደስ ያለ ፎቶ ያለውን እየነኩ መግዛታቸው ነው። ጉዞው የሚታወሰው ግን በወደቦቹ ነው። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ በየወደቡ ለአራትና ለአምስት ሰው ሲከፈል የቲኬቱን ዋጋ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

እኔ ሁልጊዜ የማስቀድመው ርቀትን ነው። ወደቡ ከከተማው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? መርከቧ ስንት ሰዓት ትቆማለች? እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ግማሹ ውሳኔ አለቀ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። መርከቧ ራሷ በሸጠችው ጉብኝት የሄደ ሰው ቢዘገይ ትጠብቀዋለች። መጠበቅ ባትችል እንኳ ድርጅቱ በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሰዋል። በራሱ መንገድ የሄደ ሰው ከዘገየ ግን ትታው ትሄዳለች። የሆቴሉንም የአውሮፕላኑንም የሚከፍለው እሱ ነው። የመጨረሻው የመሳፈሪያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ መርከቧ ከመነሳቷ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግሪክ ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልካችሁ የወደቡን ሰዓት ይዞ ይቀየራል፤ መርከቧ ግን የራሷን ሰዓት ይዛ ልትቀጥል ትችላለች። ስትወርዱ በመርከቧ ሰዓት ነው መመራት ያለባችሁ።

ስለዚህ ከተማው ሩቅ ሲሆን የመርከቧን ጉብኝት መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም። የባቡር አድማ ወይም የመንገድ መዘጋጋት ቢያጋጥም ጭንቀቱ የእናንተ አይሆንም። ችግሩ ይሄው ፍርሃት በየወደቡ መሸጡ ነው። ሩቅ ላይ የሚሠራው ምክንያት ቅርብ ላይ አይሠራም።

ማልታን ውሰዱ። መርከቧ ቫሌታ ስር፣ ትልቁ ወደብ ውስጥ ነው የምትቆመው። ትንሽ በእግር ሄዳችሁ ሊፍት ትይዛላችሁ፤ 58 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ የላይኛው ባራካ የአትክልት ቦታ ላይ ያወጣችኋል። ከዚያ ወዲያ ከተማው በእግር ነው። ሞንቴኔግሮ ያለችው ኮቶር ስትደርሱ ደግሞ የአሮጌው ከተማ ግንብ ከመርከቧ ፊት ለፊት ይታያል። ኔፕልስም ወደቡ መሃል ከተማ ነው፤ ስትወጡ ካስቴል ኑኦቮ የተባለው አሮጌ ግንብ ከፊታችሁ ነው። ባርሴሎና የአውቶቡስ ምልልስ አለ፤ የሚያወርዳችሁ የኮሎምበስ ሐውልት አጠገብ፣ ላ ራምብላ ከተባለው ታዋቂ ጎዳና መጀመሪያ ላይ ነው። የአቴንስ ወደብ ፒሬየስ ከከተማው ጋር በከተማ ባቡር ይገናኛል። በእነዚህ ወደቦች ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ከ40 ሰው ጋር የምትሰለፉበት ምክንያት አይታየኝም። እግራችሁ ደህና ከሆነ ውረዱና ሂዱ።

በሁለቱ መሃል ያለ፣ ብዙ ሰው የማያየው ምርጫም አለ። አብዛኞቹ የክሩዝ ድርጅቶች መጓጓዣ ብቻ ይሸጣሉ። አውቶቡሱ ሮም ወይም ፍሎረንስ ያደርሳችኋል፣ ሰዓት ይነግራችኋል፣ መልሶ ያመጣችኋል። አስጎብኚ የለም፤ ምሳም የለም። ዋጋው ከሙሉው ጉብኝት ያንሳል። መርከቧ ትታችሁ እንደማትሄድ የተሰጣችሁ ዋስትና ግን እንዳለ ነው። ለሩቅ ከተማ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ዝርዝሩ ውስጥ ወደ ታች ተደብቆ ነው የሚገኘው፤ ፈልጉት።

ከሁሉ የምቃወመው «ፍሎረንስና ፒሳ በአንድ ቀን» የሚለውን ዓይነት ነው። መርከቧ ጠዋት 1 ሰዓት ደርሳ ምሽት 1 ሰዓት ትነሳለች እንበል፤ በአገራችን አቆጣጠር። አሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ ይመስላል። ከዚያ ላይ መውረጃውን፣ ሁለቱን ጉዞ፣ ምሳውን፣ የሽንት ቤት ሰልፉን፣ የጠፋውን ሰው ፍለጋውን ቀንሱ። ፒሳ ላይ ዘመም ያለውን ግንብ በእጅ የደገፉ እየመሰሉ ፎቶ መነሻ ጊዜ ይተርፋል። ፍሎረንስ ላይ ደግሞ ካቴድራሉን ከውጭ አይቶ መሮጥ። አንዱን ምረጡ። ፒሳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሊቮርኖ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ትልቅ ጉብኝት መግዛትም አያስፈልግም።

ሮም ላይ ልቆይ፤ እኛን የሚመለከት ነገር ስላለ። የመርከቧ አስጎብኚ ኮሎሲየም አጠገብ ያለውን የቆስጠንጢኖስ ቅስት ያሳያችኋል። ስለ ንጉሡና ስለ ጦርነቱ ይነግራችኋል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን የጨረሰው እዚያው ቅስት ላይ እንደሆነ ግን ላይነግራችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነበር፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ በዚያን ጊዜ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ፋሺስቶች ወስደው እ.ኤ.አ. በ1937 ያቆሙት ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው። ዛሬ ሐውልቱ እዚያ ቦታ ላይ የለም። እኔ ግን ልጆቼን ይዤ እዚያ ብቆምና ታሪኩን ብነግራቸው ከአንድ ተጨማሪ የውኃ ፏፏቴና ከአንድ ተጨማሪ ቤተ መንግሥት ይበልጥብኛል።

በባቡር ለሚሄድም የሚታይ አለ። የሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንቱ መንገደኛ ስሙን ሳያውቅ ያልፍበታል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1479 ለሐበሻ መነኮሳት የተሰጠችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች። የግዕዙ አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሮም ላይ ሲታተም አባ ተስፋ ጽዮን የሠሩት ከዚያ ማኅበር ሆነው ነው። ዛሬ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች እንደ ልብ አይገባባትም። መኖሯን አውቆ ባዚሊካውን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚመራ አስጎብኚ ይህን ሁሉ እንዲያነሳ አልጠብቅም። ለዚህ ነው ሮም ላይ መጓጓዣውን ብቻ ገዝታችሁ መንገዱን ራሳችሁ አውጡ የምለው።

ወላጆቻችሁ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? የምሥራቅ ሜዲትራኒያን መንገድ ለእናቶቻችን የሐዋርያት ሥራ ማለት ነው። አቴንስ ከአክሮፖሊስ አጠገብ ያለችው ድንጋያማ ኮረብታ አርዮስፋጎስ ናት፤ ቅዱስ ጳውሎስ የተናገረባት። ለመውጣት ገንዘብ አይከፈልም። ማልታ የመጽሐፍ ቅዱሷ መላጥያ ናት፤ መርከቡ የተሰበረባት፣ እፉኝት እጁ ላይ የተጣበቀችበት። ከቱርኳ የኩሻዳሲ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኤፌሶን አለ፤ ሕዝቡ በአርጤምስ ስም የጮኸበት ቲያትር ዛሬም ቆሟል። ፍጥሞ ደሴት ላይ መርከቦች በጀልባ ያወርዳሉ፤ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ዋሻ ከወደቡ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ ናት። ለባሕር ዳርቻና ለወይን ቅምሻ የሚከፈለውን ገንዘብ እዚህ ላይ ብታውሉት እናቶቻችሁ ዕድሜ ልካቸውን ያወሩታል።

ኤፌሶንን ግን ከአስጎብኚ ጋር እዩት። ፍርስራሽ ያለ ሰው አይናገርም። ስትገዙ ዝርዝሩን አንብቡ፤ ብዙ ጉብኝቶች መጨረሻቸው ምንጣፍ ወይም ቆዳ ሱቅ ነው። አንድ ሰዓት እዚያ ይሄዳል። ሱቅ የሌለበትን ጠይቁ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቤተሰብ አብሯችሁ ካለ ከሁሉ በፊት ቪዛውን እዩ። ግሪን ካርድ መያዝ ብቻውን ሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጠና) አያስገባም። ግሪክ ቆይታ ቱርክ ሄዳ የምትመለስ መርከብ፣ ወይም ከክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ኮቶር የምትሻገር መርከብ ከሼንገን ትወጣለች። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለቱርክና ለሞንቴኔግሮም ሕጉን ለየብቻ መጠየቅ ይገባል። «እኔ እዚያ ወደብ አልወርድም፣ መርከብ ላይ እቀራለሁ» ማለት አያድንም። ሰነዱ ካልተሟላ መነሻው ላይ ሊያስቀሯችሁ ይችላሉ።

ቲኬትና የመዝጊያ ቀንም አለ። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው። የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሙዚየም ሰኞ፣ የፓሪሱ ሉቭር ማክሰኞ አይከፈቱም። አክሮፖሊስና ኔፕልስ አጠገብ ያለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ፖምፔይ በቀን ከ20 ሺህ ሰው በላይ አያስገቡም። መርከቧ በየትኛው ቀን የት እንደምትቆም ወራት ቀድሞ ስለሚታወቅ ይህ ሁሉ ቤት ተቀምጦ የሚጣራ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም፤ እናቶቻችን ነጠላ ስለማይለያቸው በዚህ አይቸገሩም።

የወላጆች ጉልበት ግን ያሳስበኛል። ጉብኝቶች ላይ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ የሚል ምልክት አለ። «መካከለኛ» የሚለውን ለ70 ዓመት ሰው «ከባድ» ብላችሁ አንብቡት። ፖምፔይ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ጥላም የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐዩ ወጣቱንም ይጥላል። የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ላይ ከአሮጌው ወደብ ወደ ላይ የሚወስዱት ደረጃዎች 600 ገደማ ናቸው። ያለው አማራጭ በገመድ የሚሄደው መኪና ነው፤ ብዙ መርከብ በገባ ቀን ሰልፉ ፀሐይ ላይ ያቆማል። አህያም አለ። እኔ ግን በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሰው ተሸክመው የሚመላለሱትን እንስሳት አይቼ ወላጆቼን አላስቀምጥባቸውም። «ፓኖራሚክ» የሚባለው ጉብኝት ደግሞ ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ በመስኮት ማየት ነው። ለደከመ ሰው ጥሩ ነው፤ ልጆች ግን ይሰለቻቸዋል።

ጾምም አለ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የክሩዝ ወቅት መሃል ላይ ይውላል። የሐዋርያት ጾምም ሰኔ ላይ ነው። ምሳ ያለበት ጉብኝት ስትይዙ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ እንደማይበላ ቀድማችሁ አስመዝግቡ። ያለዚያ የሚቀርበው ሰላጣ ብቻ ይሆናል፤ የተከፈለው ግን ሙሉ ነው።

ቤተሰቡ ሁሉ አንድ አውቶቡስ ላይ መውጣትም የለበትም። ኔፕልስ ላይ ልጆቹ በባቡር ፖምፔይ ይሂዱ፤ አያቶች ከወደቡ አጠገብ ቡናቸውን ይጠጡ። የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ መከፋፈሉ ወጪ አይጨምርም። እንዲያውም ይቀንሳል።