ቱርቦው ይቆይ፣ መጀመሪያ ዲፈረንሻሉ
"ለመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ሚያታ ከሁሉ በፊት ቱርቦ ግጠሙ" የሚለው ምክር ላይ በፍጹም አልስማማም። ሚያታ ትንሽ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ነው፣ ቱርቦ ደግሞ አየር በግፊት እያስገባ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ነው። የ1.6 ሊትሩ ሞተር 115 አካባቢ የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፣ መኪናው ግን አንድ ቶን እንኳን አይሞላም፣ ደስታው እኮ ከዚህ ቅለቱ ነው! የ1.6ቱ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ደግሞ ትንሽ ነው፣ ጉልበት ስትጨምሩበት ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው፣ ማዝዳ ራሱ በ1994 1.8ቱን ሲያመጣ ተለቅ ያለ ነው ያደረገለት። "ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ትልቅ ሞተር) ይግባበት" ያልከው ወንድሜ፣ መግባቱንስ ይገባል፣ ግን ካምቢዮው ዲፈረንሻሉ ፍሬኑ ራዲያተሩ ሁሉ አብሮ ሊቀየር ነው፣ ፊቱም ይከብዳል። እኔ በሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል (አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገድበው ዓይነት) እና በጥሩ ጎማ ነው የጀመርኩት፣ ሞተሩን ሳልነካ፣ ከኩርባ ስወጣ ነዳጅ ስሰጠው የውስጠኛው ጎማ ዝም ብሎ መሽከርከሩን ተወ፣ ያለችው ጉልበት በሙሉ መሬት ላይ ወረደች።