ከባለቤቱ በላይ ላወቁ ሁሉ

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላል የኛ ሰው። ይህ ተረት ይሰረዝልኝ። ከባለቤቱ በላይ ማወቅ ስንት ልፋት፣ ስንት ስብሰባ፣ ስንት የማይክሮፎን ወረፋ እንደሚጠይቅ ያልገባው ሰው የተረተው ነው። እኔ በበኩሌ ለዚህ ሙያ ባለቤቶች አድናቆቴን ሳልገልጽ ብቀር ይቆጨኛል። ከነሱም ምርጥ ምርጦቹን ማየት የሚሻ ሰው የአላስካን የነዳጅ ክርክር ይከታተል።

ነገሩ የቆየ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጠቡም የነሱ ነውና።) በ1960 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወር መንግሥት በአላስካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ሰፊ መሬት ለዱር አራዊት ከለለ። በ1980 ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ክልሉን ወደ 19 ሚሊዮን ኤከር አሳደገው። የባሕሩን ዳር ሜዳ ግን፣ 1.5 ሚሊዮን ኤከር የሚሆነውን፣ «ይቆፈር አይቆፈር ኮንግረስ ኋላ ይወስናል» ብሎ በአንቀጽ 1002 አሳደረው። ኋላ የተባለው ጊዜ እስከ 2017 ዘለቀ፤ ክርክሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ከሜዳው ሥር፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1998 እንደገመተው፣ አጠገቡ ያለውን መሬትና ባሕር ጨምሮ ከ5.7 እስከ 16 ቢሊዮን በርሜል ነዳጅ ሊኖር ይችላል። ከሜዳው በላይ ደግሞ ፖርኩፓይን የሚባለው የካሪቡ (የበረዶ አገር አጋዘን) መንጋ በግንቦት ማብቂያና በሰኔ እየመጣ ይወልድበታል።

ባለቤት ከተባለ፣ ለሜዳው ቅርብ የሆኑ ሁለት ሕዝቦች አሉ። አንዱ ኢኙፒያት ነው፤ ካክቶቪክ የምትባለው መንደራቸው ሜዳው ጫፍ ላይ ባርተር በምትባል ደሴት ተቀምጣለች፣ ነዋሪዋ ሦስት መቶ አይሞላም። ሁለተኛው ጉዊቺን ነው፤ ከብሩክስ ተራሮች በስተደቡብ አርክቲክ ቪሌጅንና ቬኔታይን በመሰሉ መንደሮች፣ ድንበር ተሻግሮም በካናዳዋ ኦልድ ክሮው ይኖራል፣ ኑሮውም በካሪቡ ነው። ጉዊቺኖች በ1988 አርክቲክ ቪሌጅ ላይ ተሰብስበው ቁፋሮውን በአንድ ድምፅ እንቃወም አሉ። የካክቶቪክ መሪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቆፈር ባዮች ናቸው። አንድ ሜዳ፣ ሁለት ጎረቤት፣ ሁለት ሐሳብ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክርክር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ሙያ ያደረጉት የኛ ጀግኖች ናቸው።

ሙያው «የራስን ተወላጅ መምረጥ» ይባላል። ዋሽንግተን ላይ የምክር ቤት ኮሚቴ ሲጠራ፣ ቆፋሪው ወገን ከካክቶቪክ አንድ ሰው ያስመጣል፤ ተከላካዩ ወገን ከአርክቲክ ቪሌጅ አንድ ሰው ያስመጣል። ሁለቱም «የመሬቱን ልጅ ስሙ» ይላሉ። እዚህ ድረስ ማንም ይችለዋል። የጥበቡ ልክ የሚለየው ሰውየውን በማምጣቱ ሳይሆን ንግግሩን በመቁረጡ ነው።

የካክቶቪኩ ሰው ይናገራል። ከነዳጁ የሚገኘው የንብረት ግብር ትምህርት ቤት ሠራልን፣ ክሊኒክ ከፈተልን፣ በባልዲ መጸዳዳት ቀርቶ ውኃ በቧንቧ ቤታችን ገባ ይላል። እውነቱን ነው። ካክቶቪክ ያለችበት፣ በ1972 የተቋቋመው የኖርዝ ስሎፕ አስተዳደር የሚተዳደረው ባመዛኙ በዚህ ግብር ነው። ጭብጨባ። ሰውየው ይቀጥላል፦ ባሕሩን ግን አትንኩብን፣ ቦውሄድ የሚባለው ዓሣ ነባሪ መንገዱ በዚያ ነው፣ እኛም የምንበላው እሱን ነው ይላል። እዚህ ጋ ሳል ይጀምራል፣ ወረቀት ይገለበጣል፣ ሰዓት ይታያል። ሼል የቦፎርት ባሕርን ልቆፍር ብሎ በመጣ ጊዜ ፍርድ ቤት ድረስ የሞገተው ይኸው ባለ ግብሩ አስተዳደርና የዓሣ ነባሪ አዳኞቹ ማኅበር መሆናቸውን ማን ያነሣል? በየብስ እሺ፣ በባሕር እምቢ የሚል ሰው ለፖስተር አይመችም።

የጉዊቺኑም ተራ ይደርሳል። ካሪቡ የሚወልድበት ሜዳ ለኛ ሕይወት የሚጀምርበት ቅዱስ ስፍራ ነው፣ ርሃብ እንኳ ቢመጣ አንረግጠውም ይላል። የሌላኛው ወገን ጭብጨባ። አንዳንዱ እንባውን ይጠርጋል። እንባው እንዳይደርቅ ሲባል በ1980ዎቹ የራሳቸው የጉዊቺኖቹ የቬኔታይ አስተዳደር በራሱ መሬት ላይ ለነዳጅ ፍለጋ ሊዝ ሰጥቶ እንደነበር አይነሣም። ይህን የሚያነሣው ሌላው ወገን ነው፣ እሱም «አያችሁ ግብዞች!» ለማለት ብቻ። የመንጋው መውለጃ ከተራራው ማዶ መሆኑን፣ ፍለጋውም ምንም እንዳላወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ሰዎች ተወያይተው ሐሳባቸውን ሊያጠነክሩ እንደሚችሉ ማን ጊዜ አለው? ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ሁለቱ የጉዊቺን መንደሮች፣ አርክቲክ ቪሌጅና ቬኔታይ፣ በ1971 የአላስካ ተወላጆች የመሬት ስምምነት ሲወጣ ገንዘቡንና የአክሲዮን ኩባንያውን ትተው 1.8 ሚሊዮን ኤከር መሬታቸውን መውሰዳቸው ነው። ገንዘብ ትቶ መሬት የወሰደ ሰው ምን አስቦ ነው ብሎ መጠየቅ ለአንድ ቀን ስብሰባ የማይሆን ረጅም ወሬ ያመጣል። ባይጠየቅ ይሻላል።

ቆፋሪው ወገን ለካክቶቪክ ያለው ፍቅር በተለይ ልብ ይነካል። መንደሯን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ አየር ኃይል ለአውሮፕላን ማረፊያውና ለራዳሩ ሲል ሦስት ጊዜ ከቦታዋ አስነሥቷታል። «የተወላጁ ድምፅ ይሰማ» የሚለው መፈክር ያኔ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ነዳጁ ሲታሰብ ተፈለሰፈ። ፍቅር መቼም ቢዘገይ ይደርሳል።

ከባለቤቱ በላይ የማወቅ ጥበብ በሥዕልም ይገለጣል። አንድ የአላስካ ሴናተር በምክር ቤቱ ፊት ነጭ ባዶ ወረቀት ከፍ አድርገው ሜዳው የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይህን ይመስላል ብለዋል። እንዴት ያለ ቁጠባ ነው! ካሜራ የለ፣ ፊልም የለ። በ2003 ደግሞ የካሊፎርኒያዋ ሴናተር ባርባራ ቦክሰር ክረምት ከበጋ እዚያው የከረመ አንድ ፎቶ አንሺ ያነሣውን የዋልታ ድብ ፎቶ ይዘው ተነሡ፤ ያኔ ቁፋሮው በ52 ለ48 ድምፅ ወደቀ። የዚሁ ሰው የፎቶ ዐውደ ርእይ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ሊታይ ሲል ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ የሥዕሎቹም መግለጫ አጠረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ግን ወረቀቱን የያዙት ሞኞች አልነበሩም።

ድቡንም ቢሆን ዝም ብለን አንለፈው፣ የተከላካዮቹ ወገን ዋና ተዋናይ ነውና። በየቢሮው ግድግዳ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በረዶ አለ፣ ድብ አለ፣ ሰው የለም። ካክቶቪክ ዳርቻ ላይ በመስከረም የሚሰበሰቡት ድቦች ምን ሊያደርጉ እንደመጡ መግለጫው አይነግራችሁም። የመንደሩ አዳኞች በኮታቸው ከያዟቸው ዓሣ ነባሪዎች የተረፈውን አጥንት ሊግጡ ነው የመጡት። ሥጋውን መንደርተኛው በደንቡ ተካፍሎታል፤ አጥንቱ ለድቡ። ይህ ሁሉ በፎቶው ቢገባ ግን «ያልተነካ ምድር» የሚለው ጽሑፍ የት ይቀመጥ? ነጩም ወረቀት፣ ባለ ድቡም ፎቶ ሰው እንዳይገባባቸው በደንብ ታጥረዋል። በዚህ ሁለቱም ወገኖች ተስማምተዋል፤ ደስ ይላል።

ሒሳብ ለሚወዱም ቦታ አለ። በ2017 የትራምፕ የግብር ሕግ ውስጥ ሜዳው ለሊዝ ክፍት ሲደረግ፣ ግንባታው የሚይዘው መሬት ከ2,000 ኤከር አይበልጥም ተባለ። «አንድ አየር ማረፊያ ታህል ናት!» አሉ ቆፋሪዎች። ቧንቧው በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ የሚቆጠረው ምሰሶው የረገጠው አፈር ብቻ ነው። በዚህ አቆጣጠር የኔ የምግብ ጠረጴዛ ከሳሎኔ የያዘው አራት የሳንቲም ያህል ቦታ ነው፤ ባለቤቴ ግን ይህን ሒሳብ እስካሁን አልተቀበለችም። 2,000ውም አንድ ቦታ የተከመረ አይደለም፣ ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ሊበተን የሚችል ነው። ተከላካዮቹም ከሒሳቡ አይጎድሉም፤ ሲናገሩ 19 ሚሊዮኑም ኤከር ነገ ጠዋት የሚታረስ ነው የሚመስለው።

ካሪቡ ቆጠራ ላይ ግን ሁለቱም ሊቃውንት ናቸው። በፕሩዶ ቤይ ዙሪያ፣ በ1968 ነዳጅ ከተገኘበት ቦታ፣ ሴንትራል አርክቲክ የሚባል ሌላ መንጋ አለ። በ1970ዎቹ 5,000 ያህል ነበር፣ በ2010 ወደ 70,000 ተጠጋ። «ካሪቡ ቧንቧ ይወዳል!» ለማለት እዚህ ላይ መቆም ነው፣ አንድ ዓመት እንኳ ወደፊት አለመሄድ። በ2016 ወደ 22,000 ወርዷልና። ለተከላካዩ ደግሞ የሚመከረው ከ2010 በፊት ያለውን አለማየት፣ ከ2010 ወደ 2016 ብቻ መውረድ ነው። መንጋ በአየሩ፣ በበሽታው፣ በአዳኙ፣ በመኖው እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጨዋታ ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ያበላሻል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ሊዝ ጨረታ ቢወጣበት ኖሮ እንዲህ ባማረ ነበር። ሕጉ ሲወጣ ከጨረታዎቹ ከቢሊዮን ዶላር በላይ ይገባል ተብሎ ተተንብዮ ነበር። የመጀመሪያው ጨረታ በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ተከፈተ፤ አዎ፣ ኮንግረሱ ሕንፃ በተወረረበት ቀን። ከትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች ኤክሶን አልመጣ፣ ኮኖኮ አልመጣ። ዋናው ተጫራች የአላስካ ግዛት ራሱ ያቋቋመው የልማት ድርጅት ነበር፤ ከሱ ሌላ የቀረቡት ሁለት ትንንሽ ድርጅቶችም በ2022 ሊዛቸውን መልሰው ወጡ። በድምሩ የተገኘው 14.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ባንኮች ለዚህ ቁፋሮ አናበድርም ብለው ቀደም ብለው ነበር። በጃንዋሪ 2025 ሁለተኛው ጨረታ ሲወጣ ስንት አመልካች መጣ? ዜሮ። በዚያ ሜዳ እስከ ዛሬ የተቆፈረው አንድ ጉድጓድ ነው፤ በ1985 እና 86 በካክቶቪክ ሰዎች መሬት ላይ ተቆፍሮ ውጤቱ ለዓመታት በምስጢር ተያዘ። ሁለቱ ወገኖች ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን ተጠራጥረው አያውቁም።

ለካክቶቪኮችና ለጉዊቺኖች ይህ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት፤ አርባ ዓመት ሙሉ ለሚመጣ ሀብት ወይም ለሚመጣ ጥፋት መዘጋጀት። አንዱ ትውልድ ዋሽንግተን እየተመላለሰ አረጀ፣ ልጆቹ ሻንጣውን ተረከቡ። አመላላሾቹ ግን ታማኝ ናቸው፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ይከፍላሉ።

አላስካ ውስጥ የሚኖረውን ሰውም መርሳት የለብንም። ግዛቱ በ1976 ከነዳጅ ገቢ ቋሚ ፈንድ አቋቁሞ ከ1982 ጀምሮ ለነዋሪው በያመቱ ድርሻውን ያከፋፍላል። ሰልፍ የወጣውም፣ ሰልፉን የተቃወመውም፣ አንኮሬጅ ያሉ ወገኖቻችንም ቅጹን ሞልተው ይጠብቃሉ። ቼኩ ሲገባ አቋም አይጠየቅም። «ነዳጁ መሬት ውስጥ ይቅር» የሚለውን ፖስተር በዚሁ ገንዘብ ማሳተም ይቻላል፤ ከልካይ የለም።

ደስ የሚለው ሙያው ሥራ አይፈታም። በ2025 የወጣው አዲስ ሕግ በአሥር ዓመት ውስጥ አራት ጨረታ እንዲወጣ ያዛል፤ በዚያው ዓመት መጸው ላይ መንግሥት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ለሊዝ ክፍት አድርጎታል። አራት ጨረታ ማለት ለጀግኖቻችን አራት የመኸር ወቅት ነው። ንግግሩ ያው ነው፣ ቀኑን ብቻ መቀየር።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ማንም ከናንተ ካክቶቪክ ድረስ ሄዶ እንዳይከርም። መንገዱ ባመዛኙ በአውሮፕላን ነው፣ ጉሙም ለቀናት ያግታል። ቀናት ማለት ደግሞ አንድ ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ ነው። ተቀምጦ አባትየው «ይቆፈር፣ ሥራ ያስፈልገናል» ሲል፣ ልጅቷ ከወጥ ቤት «አባዬ፣ እኔ አልስማማም» ብላ ስትመልስለት፣ አክስትየዋ ደግሞ «እናንተ ስለ የብሱ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ባሕሩን ማን ያያል» ስትል ሊሰማ ነው። ይህን የሰማ ሰው ዋሽንግተን ሲመለስ የስብሰባው በር ላይ የትኛውን ባጅ እንዲያንጠለጥል ሊጠየቅ ነው፣ ያሉት ደግሞ ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው።